ሶፍትዌሩ ሀዋሳ፣ ዳታቤዙ ባሕር ማዶ፦ የአንድ ቢሮ የጉዳይ ጥናት

ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ አንድ ቢሮ አለ። ስሙ ይቆይ። ሥራው የቡና ገበሬዎችን የኅብረት ሥራ ማኅበራት መደገፍ ነው። በየሳምንቱ ለአባላቱ በኢሜይል መልእክት ይልካል፤ ስለ ቀይ ቡና ለቀማ፣ ስለ ማድረቂያ አልጋ አያያዝ፣ ስለ ሥልጠና ቀን፣ ስለ ጨረታ። ይርጋለም፣ አለታ ወንዶና በንሳ ያሉ የማኅበር ኃላፊዎች መልእክቱን ስልካቸው ላይ ከፍተው ያነቡና ለገበሬው በቃል ያደርሱታል። ስለዚህ መልእክቱ አንድ ሳምንት ሳይወጣ ሲቀር የሚጎዳው ቢሮው ብቻ አይደለም።

እዚህ የምተርከው የዚህ ቢሮ የመላኪያ ሶፍትዌር ሩቅ አገር ካለው ዳታቤዝ ጋር እንዴት እንደተገናኘ ነው። በዝርዝር የምጽፈው በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ኮኔክሽኑ እምቢ ሲለው ፓስወርድ መቀያየር ይጀምራል። እሱ አልሠራ ሲል ደግሞ ሁሉንም በር ይከፍታል። ሁለቱም አያስፈልጉም። የስሕተት መልእክቱ በወጉ ከተነበበ የት ላይ እንደቆምን ይነግረናል።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ

የቢሮው ድረ ገጽ ጀርመን አገር ባለ የጋራ ሆስቲንግ (ብዙ ደንበኞች አንድ ሰርቨር የሚጋሩበት የኪራይ አገልግሎት) ላይ ነው። የአባላቱ መዝገብም እዚያው ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ ሰው የሚመዘገበው በድረ ገጹ ነው። መልእክት አልፈልግም ያለም የሚወጣው በዚያው ነው። ሶፍትዌሩ ፒኤችፒሊስት ይባላል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በትንሽ አቅም የሚሠራ የኢሜይል ዝርዝር ማስተዳደሪያ ነው።

ችግሩ መላኩ ላይ ነበር። የጋራ ሆስቲንግ በሰዓት የሚወጣውን ኢሜይል ይገድባል። ረጅም ጊዜ የሚሠራ ፕሮግራም ካየም ያቋርጣል። ቢሮው ለዚህ ብሎ ለብቻው የኤስኤምቲፒ፣ ማለትም የኢሜይል መላኪያ፣ አገልግሎት ገዝቶ ነበር። ሆስቲንጉ ግን በፖርት 587 (ኢሜይል በሚወጣበት ባለ ቁጥር በር) ወደ ውጭ መውጣትን ዘግቶታል። ብዙ የጋራ ሆስቲንጎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ አንድ ደንበኛ አይፈለጌ መልእክት ሲልክ የሰርቨሩ መልካም ስም ስለሚጠፋና ሌሎቹም አብረው ስለሚጎዱ ነው። አልፈርድባቸውም።

ታዲያ ዳታቤዙን ጠቅልሎ ሀዋሳ ማምጣትስ? ይህም ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር የመመዝገቢያው ገጽ አብሮ ይጠፋል። "ከዝርዝሩ አውጡኝ" የሚል ሰው የሚሰማው ያጣል። ስለዚህ ዳታቤዙ እዚያው ይቆይ፣ የሚልከው ክፍል ግን ቢሮው ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ ይሁን ተባለ። ኮምፒውተሩ ላይ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ተጫነ። ሁለተኛ የፒኤችፒሊስት ቅጂም ተቀመጠበት። ሁለቱ ቅጂዎች አንድ ዳታቤዝ ይጋራሉ፤ አንዱ ይመዘግባል፣ ሌላው ይልካል። ሥሪታቸው የግድ አንድ መሆን አለበት። አንዱ ብቻ ከታደሰ የሠንጠረዦቹ ቅርጽ ስለሚለወጥ ሌላው ግራ ይገባዋል።

ሥራውን የያዘው ቀልጣፋ ወጣት ነው። ከተመረቀ ገና ብዙ አልቆየም። ሥራ አስኪያጇ ሲደውሉልኝ የጥቅምት ለቀማ ደርሶ መልእክቱ ቆሟል። "ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ይለፋል፣ ግን አልሆነለትም" አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ጭንቀት እንጂ።

ሶፍትዌሩ የት ነው የሚፈልገው?

ፒኤችፒሊስት ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበትን መረጃ ኮንፊግ በሚባለው ፋይል ውስጥ ያነባል። የሆስቱ ስም፣ የዳታቤዙ ስም፣ ዩዘሩና ፓስወርዱ፤ ዋናዎቹ አራት መስመሮች ናቸው። ወጣቱ ፋይሉን ከሆስቲንጉ እንዳለ ገልብጦ ነበር ያመጣው። ሆስቱ ላይ የተጻፈው ሎካልሆስት ነው። ጀርመን ላይ ትክክል ነበር፤ ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ነበርና። ሀዋሳ ላይ ግን ሎካልሆስት ማለት የቢሮው ኮምፒውተር ራሱ ነው። ሶፍትዌሩ የሌለ ዳታቤዝ ቤቱ ውስጥ ይፈልግ ጀመር። ስሕተት 2002 መጣ።

ወጣቱ ይህንን ራሱ ደረሰበት። ሎካልሆስትን አጥፍቶ የድረ ገጹን ስም ጻፈ። አሁንም አልሠራም። ገጹ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይቆይና መልሶ 2002 ይላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ቋንቋ ፒኤችፒ ብዙ ዓይነት መጥፋትን 2002 በሚል አንድ ቁጥር ይጠራል። ስለዚህ ሶፍትዌሩን ለጊዜው ትተን ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፈትንና በማይኤስኪውኤል የራሱ ደንበኛ ፕሮግራም ሞከርን። እሱ ይበልጥ ተናጋሪ ነው። 2003 ይልና በቅንፍ ሌላ ቁጥር ይጨምራል። ሊኑክስ ላይ 111 ካለ ማሽኑ ተገኝቷል፣ ግን በዚያ ፖርት የሚያዳምጥ የለም፤ ወይም ፋየርዎል (የኔትወርኩ በር ጠባቂ) በግልጽ መልሶናል ማለት ነው። 110 ካለ ደግሞ ማንም አልመለሰም፤ የላክነው ነገር መንገድ ላይ ቀርቷል። የእኛ 110 ነበር።

ለምን ቀረ? የድረ ገጹ ስም የሚመራው በቀጥታ ወደ ሆስቲንጉ አልነበረም። ከፊቱ ድረ ገጹን ከጥቃት የሚጠብቅና የሚያፈጥን አገልግሎት ተደርጎበታል። ያ አገልግሎት የሚያሳልፈው የድረ ገጽ ትራፊክ ብቻ ነው። የማይኤስኪውኤል ፖርት 3306 ግን አያልፍም። በብራውዘር ድረ ገጹ ፍንትው ብሎ ይከፈታል፣ ዳታቤዙ ግን የለም። ወጣቱ "ጋሼ፣ ሳይቱ እኮ እየሠራ ነው!" ይለኝ የነበረው ለዚህ ነው። እውነቱን ነበር። ግን የሠራው ሌላ በር ነው።

መፍትሔው የሆስቲንጉን ሰርቨር የራሱን ስም መጠቀም ነው። ይህ ስም ሆስቲንጉን ስንከራይ በተላከልን የመጀመሪያ ኢሜይል ውስጥ ይገኛል፤ በመቆጣጠሪያ ገጹ ጎንም ይታያል። እሱን ስንጽፍ ዝምታው ተሰበረ።

"ፓስወርዱ ተሳስቷል" ያልነው ያልተሳሳተ ፓስወርድ

አዲሱ ስሕተት 1045 ነው። ወደ አማርኛ ብንመልሰው "ለዩዘር እገሌ፣ ከ203.0.113.45 ለመጣው፣ አልተፈቀደም፤ ፓስወርድ ሰጥቷል" ይላል። አድራሻውን ለምሳሌ ቀይሬዋለሁ።

ይህንን ሲያይ ብዙ ሰው ፓስወርዱን ይቀይራል። ወጣቱም ቀይሮት ነበር። በዚህ ምክንያት ጀርመን ያለው የመመዝገቢያ ገጽ በአሮጌው ፓስወርድ እየሞከረ ተሰናከለ። አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነ። መጀመሪያ እሱን መልሰን አስተካከልን።

ከዚያ መልእክቱን ቀስ ብለን አነበብነው። ቁልፉ ከዩዘሩ ስም ቀጥሎ ያለው አድራሻ ነው። ማይኤስኪውኤል አንድን ሰው በስሙ ብቻ አያውቀውም። በስሙና በመጣበት ቦታ ነው የሚያውቀው። እንደ ግቢ ዘበኛ፣ "ማነህ?" ብቻ ሳይሆን "ከየት መጣህ?" ይላል። ያው ዩዘር ከሎካልሆስት ሲመጣ አንድ አካውንት ነው፤ ከሌላ አድራሻ ሲመጣ ሌላ አካውንት ነው። ሁለተኛው ካልተመዘገበ ፓስወርዱ ፊደል በፊደል ትክክል ቢሆንም ማለፍ የለም።

መጽሐፍ ያነበበ ሰው "እንዲህ ሲሆን የሚመጣው 1130 አይደለም ወይ?" ሊል ይችላል። ትክክል ነው፤ 1130 የሚመጣው ከዚያ አድራሻ ማንም እንዲገባ ካልተፈቀደ ነው። በጋራ ሆስቲንግ ላይ ግን ያንን ዳታቤዝ ሰርቨር ብዙ ደንበኛ ይጋራዋል። ከእነሱ አንዱ ከየትም ቦታ የሚገባ ዩዘር ካለው ሰርቨሩ በአድራሻ ደረጃ አይመልሰንም። ዩዘሩን ሲያይ ነው የሚመልሰን። በዚህ ምክንያት የቦታ ችግር የፓስወርድ ችግር መስሎ ይታያል። ስንት ሰው በዚህ ተታሎ ሌሊቱን እንደሚያነጋ ሳስብ ያሳዝነኛል፤ መልሱ እዚያው የስሕተቱ መስመር ላይ ተጽፎለት።

የሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ሲፓነል ነበር። እዚያ ውስጥ ሪሞት ማይኤስኪውኤል የሚል ገጽ አለ። ከስሕተቱ መልእክት ውስጥ የተገኘውን አድራሻ እዚያ አስገባን። ልብ በሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን 192.168 ብሎ የሚጀምረውን አይደለም። እሱ የቢሮው የውስጥ አድራሻ ነው። ሰርቨሩ ያየውን አድራሻ ነው የምናስገባው።

ተገናኘ። ሥራ አስኪያጇ ቡና አስፈሉ። የመጀመሪያው መልእክት ወጣ።

የፐርሰንት ምልክቷ

በማግስቱ ከሰዓት መብራት ሄደ። ሲመለስ ራውተሩ ተነሣ፤ አዲስ አድራሻም ተሰጠው። 1045 ተመልሶ መጣ።

ወጣቱ ኢንተርኔት ላይ ያነበበውን ዘዴ አመጣ። "ጋሼ፣ ፐርሰንቷን እናስገባት፣ በቃ እንገላገላለን።" የ% ምልክት በማይኤስኪውኤል "ከየትም ይምጣ" ማለት ነው። እውነት ነው፣ ይሠራል። በየመማሪያ ቪዲዮውም ይሄው ይመከራል። እኔ ግን እምቢ አልኩ። የዚህ ጉዳይ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፖርት 3306ን በመላው ዓለም እየዞሩ የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች አሉ። ሌት ተቀን አይተኙም። ሻዶውሰርቨር የተባለው የበይነ መረብ ደኅንነት ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባደረገው ፍተሻ ከ3.6 ሚሊዮን በላይ የማይኤስኪውኤል ሰርቨሮች ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ሲሰጡ አግኝቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. እንዲህ በተገለጡ ዳታቤዞች ላይ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። አጥቂዎቹ ፓስወርድ እየገመቱ ይገቡና ሠንጠረዦቹን ያጠፋሉ። በቦታቸው "ገንዘብ ላኩ" የሚል ማስታወሻ ይተዋሉ። % ያስገባ ሰው ከዚህ የሚለየው የፓስወርዱ ጥንካሬ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ቲኤልኤስ (ግንኙነትን የሚያመሰጥረው ዘዴ) የግድ ካልተደረገ በሁለቱ መካከል የሚሄደው ጥያቄና መልስ ሳይመሰጠር ሊያልፍ ይችላል። የአባላቱ ስም፣ ኢሜይል፣ ወረዳ፣ ሁሉም። እነዚያ ሰዎች አድራሻቸውን የሰጡት ስለ ቡና ወሬ እንዲደርሳቸው ነው እንጂ መንገድ ላይ እንዲነበብ አይደለም። አሁን ደግሞ በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሰው መረጃ የያዘ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግን አዋጁ ባይኖርም ሐሳቤ ያው ነው። የበንሳ የማኅበር ኃላፊ ስልኩንና ኢሜይሉን አምኖ ለቢሮው ሰጥቷል። ይህ አደራ ነው።

ወጣቱ ዝም ብሎ አልተቀበለኝም፤ ይህን ወድጄለታለሁ። "ታዲያ የኛን የኢንተርኔት ሰፈር በሙሉ ብንፈቅድስ?" አለ። አድራሻው ሲቀያየር የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች እንደማይለወጡ አስተውሏል። ጥሩ እይታ ነው። ራውተሩን ከፍተን አየን። ራውተሩ ከኢንተርኔት አቅራቢው ያገኘው አድራሻ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያሉት አድራሻዎች አቅራቢዎች አንድን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ሲያካፍሉ የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ይህ ማለት ሰርቨሩ የሚያየው አድራሻ የቢሮው ብቻ አልነበረም። የምናውቀውም የማናውቀውም ጎረቤት አብሮን አለበት። እሱን መፍቀድ እነሱንም መፍቀድ ነው። መጀመሪያ ያስገባነውንም አድራሻ ያኔውኑ አጠፋነው።

ቋሚ አድራሻ መግዛት ይቻላል። በየወሩ የሚከፈል ተጨማሪ ወጪ ግን አለው፤ ቢሮው በዚያ በጀት ዓመት አልያዘውም። ደግሞም ቋሚ አድራሻ የማመስጠሩን ጥያቄ አይመልስም።

ዋሻው

የመረጥነው የኤስኤስኤች ዋሻ ነው። ኤስኤስኤች ወደ ሩቅ ኮምፒውተር በተመሰጠረ መንገድ መግቢያ ነው። ኤስኤስኤችን የሠራው ታቱ ዩሎነን የተባለ ፊንላንዳዊ ተመራማሪ ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ ፓስወርዶች መንገድ ላይ ከተሰረቁ በኋላ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሀዋሳ ላይ ያው ችግር ገጠመን፣ ያው መሣሪያም ረዳን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የቢሮው ኮምፒውተር ወደ ሆስቲንጉ ሰርቨር በኤስኤስኤች ይገባል። ከዚያ እንዲህ ይባላል፦ "እኔ ዘንድ በፖርት 3307 የሚመጣውን ሁሉ ተቀብለህ፣ አንተ ዘንድ 127.0.0.1 ላይ ላለው ፖርት 3306 አድርስ።" መንገዱ በሙሉ የተመሰጠረ ነው። ዳታቤዙ ጥያቄው ከራሱ ማሽን የመጣ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀድሞ የነበረው የሎካልሆስት ፈቃድ በቂ ነው። ሪሞት ማይኤስኪውኤል ገጹ ባዶ ሆነ። የቢሮው አድራሻ ሺህ ጊዜ ቢቀያየርም ችግር የለም፤ የሚገባው በአድራሻ ሳይሆን በቁልፍ ነው።

ለዚህ ሆስቲንጉ ኤስኤስኤች መፍቀድ አለበት። በእኛ ጥቅል ውስጥ ነበረ፣ ግን ተዘግቶ ነው የቆየው። ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍንላቸውና ከፈቱልን። አንዳንድ ሆስቲንግ ኤስኤስኤች ሰጥቶ ዋሻ መክፈትን ይከለክላል። ስለዚህ ሆስቲንግ ሳትከራዩ በፊት ሁለቱንም ለይታችሁ ጠይቁ።

ዋሻው ከተከፈተ በኋላ አንድ ትንሽ ነገር እንደገና አቆመን። ኮንፊጉ ላይ ፖርቱን 3307 አድርገን፣ ሆስቱን ሎካልሆስት ብለን ጻፍን። 2002 መጣ። ሎካልሆስትና 127.0.0.1 ለሰው አንድ ናቸው። ሊኑክስ ላይ ላለ ፒኤችፒ ግን አይደሉም። ሎካልሆስት ሲባል በኔትወርክ መሄዱን ይተውና እዚያው ማሽን ላይ የሶኬት ፋይል (ፕሮግራሞች ያለ ኔትወርክ የሚገናኙበትን) ይፈልጋል። ፖርቱን አያየውም። 127.0.0.1 ብለን ስንቀይረው ወዲያው ተገናኘ። ወጣቱ ወንበሩ ላይ ተንጠራርቶ "እንዴ!" አለ።

ዋሻ ከፍቶ መተው አይበቃም። ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ይወድቃል። አስቸጋሪው ደግሞ የተቆረጠ ዋሻ ለረጅም ጊዜ ክፍት መስሎ መቆየቱ ነው። ስለዚህ በየ30 ሰከንዱ "አለህ?" እንዲል አደረግነው። መልስ ካጣ ራሱን ይዘጋል፤ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ደግሞ መልሶ ያስነሣዋል። ኮምፒውተሩ ከመብራት መጥፋት ሲነሣም ማንም ሳይነካው ዋሻው ይከፈታል። ይህንን የፈተንነው የመብራቱን ሶኬት ነቅለን ነው። ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

ርቀቱ ራሱ

ተገናኘ ማለት ግን ፈጠነ ማለት አይደለም። ሶፍትዌሩ ዳታቤዙ ጎን ሲሆን አንድ ጥያቄ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለሳል። ከሀዋሳ ጀርመን ሲሆን ግን ደርሶ መልሱ ረጅም ነው። ፒኤችፒሊስት ደግሞ ለእያንዳንዱ ተቀባይ ብዙ ጥያቄ ያቀርባል። ይህ ሰው አለ? አረጋግጧል? ይህ መልእክት ከዚህ በፊት ተልኮለታል? ከላከም በኋላ መላኩን ይመዘግባል።

ሒሳቡን ለማየት ያህል፣ አንድ ደርሶ መልስ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅና ለአንድ ሰው 10 ጥያቄ ቢቀርብ፣ ለዚያ ሰው 1.5 ሰከንድ ማለት ነው። ለ4,000 ሰው 6,000 ሰከንድ ይሆናል። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ዳታቤዝ በመጠበቅ ብቻ ያልቃል፤ ኢሜይሉን የመላኩ ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ኢንተርኔቱን ማፍጠን እዚህ ላይ ብዙ አይረዳም። ችግሩ ስፋት ሳይሆን ርቀት ነው።

ለዚህ ሁለት መንገድ ነበረን። አንደኛው ጀርመን ላይ አነስተኛ ቪፒኤስ (ለብቻ የሚከራይ ምናባዊ ሰርቨር) ተከራይቶ የሚልከውን ክፍል ዳታቤዙ አጠገብ ማስቀመጥ። በቴክኒክ የተሻለው ይህ ነው፤ ለሥራ አስኪያጇም ይህንኑ ነገርኳቸው። ግን በየወሩ በውጭ ምንዛሪ መክፈል ይጠይቃል። ቢሮው ሆስቲንጉን እንኳ የሚከፍለው ውጭ አገር ባለ ወዳጅ በኩል ነው። "ልጄ፣ ሰው ፊት ሁለት ጊዜ መቆም ይከብደኛል" አሉኝ። ተቀበልኩ። መፍትሔ ሲባል የሚከፍለውንም ሰው ማየት አለበት።

ሁለተኛው ጊዜውን መቀየር ነው። መልእክቱ ቀን ይዘጋጃል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ክሮን (በተቀጠረለት ሰዓት ሥራ የሚያስጀምር ፕሮግራም) መላኩን ያስጀምራል። ሲነጋ ሁሉም ደርሷል። በለቀማ ወቅት የማኅበር ኃላፊዎች በጠዋት ነው ስልካቸውን የሚያዩት፤ ስለዚህ ሌሊት መላኩ እንዲያውም ተስማማቸው። ኮምፒውተሩና ራውተሩ ዩፒኤስ ላይ ተሰክተዋል። መሀል ላይ ቢቆምም ማን እንደተላከለት በዳታቤዙ ውስጥ ስለሚመዘገብ ከቆመበት ይቀጥላል።

መሀል ላይ የሚመጡት ስሕተቶች ሌሎች ናቸው፤ 2006 እና 2013። ሁለቱም "ተገናኝተን ነበር፣ ግን ጠፋ" የሚሉ ናቸው። ፓስወርድና ፈቃድ ውስጥ አትግቡ። ዋሻውንና መስመሩን እዩ።

ብዙ አባላትን በአንድ ጊዜ ማስገባት ሲፈለግ ግን ከሀዋሳ ሆኖ መሞከር ዋጋ የለውም። ረድፍ በረድፍ ነው የሚሄደው፣ ያሰለቻል። ፋይሉን ጀርመን ያለው ቅጂ ላይ ጭኖ እዚያው ማስገባት ነው።

ጥያቄ ምልክት የሆኑት ስሞች

አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍ። የመጀመሪያዎቹ መልእክቶች ሲወጡ አንዳንድ ሰው "ውድ ????" የሚል ሰላምታ ደረሰው። አንዲት የማኅበር ኃላፊ ደውለው "ስሜን ረሳችሁት?" አሉ። የልባቸውን ነው የተናገሩት።

ወጣቱ ከአሮጌ መዝገብ ስሞችን በአንዲት ትንሽ ስክሪፕት አስገብቶ ነበር። ስክሪፕቷ ከዳታቤዙ ጋር ስትገናኝ የምትጠቀመው የፊደል ኮድ ላቲን ነበር። በዩቲኤፍ-8 (የብዙ ቋንቋ ፊደሎችን በሚይዘው ኮድ) አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ላቲኑ ደግሞ የኛን ፊደል ከነአካቴው አያውቀውም። እዚህ ጋ መለየት ያለበት ነገር አለ። ዳታቤዙን ስትከፍቱ የተዘበራረቁ የላቲን ምልክቶች ካያችሁ ፊደሉ ውስጡ አለ፤ መመለስ ይቻላል። ባዶ ጥያቄ ምልክት ካያችሁ ግን ፊደሉ ጠፍቷል። ከዋናው መዝገብ እንደገና ማስገባት ብቻ ነው ያለው። የኛ ጥያቄ ምልክት ነበር። ሠንጠረዡም ኮኔክሽኑም ዩቲኤፍ-8 ኤምቢ4 ተደርገው ስሞቹ እንደገና ገቡ። ሥራ አስኪያጇ ለደወሉት ሴት ራሳቸው መልሰው ደውለው ይቅርታ ጠየቁ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

የቢሮው ቅጂ አሁን የራሱ ዩዘር አለው። ያ ዩዘር ማንበብ፣ መጨመር፣ ማስተካከልና መሰረዝ ይችላል። ሠንጠረዥ መፍጠርና ቅርጹን መቀየር ግን አይችልም። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ ያንን ዩዘርና የኤስኤስኤች ቁልፉን ብቻ ነው የምንዘጋው፤ ጀርመን ያለው ገጽ ሥራውን ይቀጥላል። የኮንፊግ ፋይሉን ከሶፍትዌሩና ከአስተዳዳሪው በቀር ማንም እንዳያነበው ተደርጓል። በየሌሊቱ የዳታቤዙ ቅጂ በዚያው ዋሻ በኩል ወደ ሀዋሳ ይወርዳል። በመልእክቱ ግርጌ ያለው የመውጫ ሊንክ የድረ ገጹን አድራሻ እንጂ የቢሮውን የውስጥ አድራሻ አለመያዙን ይርጋለም ባለ ሰው ስልክ ላይ አረጋግጠናል።

የቀረ ሥራ አለ። ፒኤችፒሊስት አዲስ ሥሪት ሲያወጣ ሁለቱም ቅጂዎች በአንድ ቀን መታደስ አለባቸው። የዳታቤዙ ማደስ የሚሠራው ጀርመን ላይ ባለው ሙሉ ፈቃድ ባለው ዩዘር ነው፤ የሀዋሳው ለዚያን ቀን ይቆማል። ወጣቱ ቅደም ተከተሉን በአማርኛ ጽፎ አትሞ ከኮምፒውተሩ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል። የቁልፉ መጠባበቂያ ቅጂም በፓስወርድ ተቆልፎ ፍላሽ ላይ በሥራ አስኪያጇ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ፓስወርዱን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው።